ፀሐይን ለማይመረምሩት ኃላፊ፦ ስለ አባቴ ማንበቢያ

ለተከበሩ አቶ እንዳላማው፣
የሸማቾች አቤቱታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ ይጽና፣ እንቅልፍዎ ይስመርልዎ፣ ወንበርዎም አይነቃነቅ። በተለይ የዓይንዎ ብርሃን አይድከም፤ ዓይን ሲደክም በሰው ላይ የሚደርሰውን እኛ ቤት አይተነዋልና ለጠላት እንኳ አንመኘውም፤ ስለዚህ ለእርስዎም አልመኝም።

የሥራ ብዛት ስሜን አስረስቶዎት ሊሆን ስለሚችል ላስታውስዎ። ወንጌላዊት ኃይለ ሚካኤል እባላለሁ፤ በዚሁ ከተማ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከፋሲካ በኋላ «የማይነበብ ማንበቢያ ተሸጠልኝ» ብዬ ቢሮዎ የመጣሁት፣ እርስዎም «ማንበብ ያልቻሉት አባትሽ ናቸው» ብለው ያሰናበቱኝ ሴት ነኝ። ያን ዕለት «አቤቱታሽን በጽሑፍ አቅርቢ» ብለውኝ ነበር። አቅርቤያለሁ። መልስ ስላልመጣልኝ፣ ምናልባት ጽሑፌ ለእርስዎ ብቻ መድረሱ ቅር አሰኝቶዎት ይሆናል በማለት አሁን ለሁሉም እንዲደርስ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

አንደኛው ምስጋናዬ በመደብሮች ግድግዳ ላይ ስላስለጠፉት ትእዛዝ ነው። «ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ክፍያ ሳይፈጸምበት ከመደብር በር እንዳይወጣ» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማዎ አለ፣ ማኅተሙም ደማቅ ነው። ሌባን ለመከላከል የወጣ መሆኑን ሰምቻለሁ። ሌባ መያዙን አልሰማሁም፤ እኔን ግን በሚገባ ይዞኛል፤ እንዴት እንደያዘኝ ከሥር ከመሠረቱ እንድነግርዎ ይፍቀዱልኝ።

አባቴ መምህር ኃይለ ሚካኤል በደብረ ወርቅ አካባቢ የመጻሕፍት ትርጓሜ ያስተምራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ደጅ ላይ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግንብ ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያርፍበት ቦታ። አንድ ተማሪ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሲሳሳት ያርሙታል፣ ከዚያ ትርጓሜውን ያወርዳሉ። ትርጓሜውን በቃላቸው ያውቁታል፤ ነገር ግን መጽሐፉ ፊታቸው ሳይዘረጋ አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም። ለምን እንደሆነ ልጅ ሳለሁ ጠይቄያቸው «ስሳሳት የሚያየኝ ይኑር ብዬ ነው» ብለውኛል።

የዓይን ሞራ ጋረዳቸው። አንዱ ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ቢሻለውም የመጽሐፉ ፊደል አነሰባቸው፤ ከውስጥ የሚያበራ ነገር ሲያዩም እንባቸው ይወርዳል። እኔም መጽሐፎቻቸውን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ፣ ፊደሉን እያሰፉ የሚያነቡበት ኢ-ሪደር ልገዛላቸው ቆረጥሁ።

ኢ-ሪደር በሁለት ዓይነት ስክሪን እንደሚሸጥ ክቡርነትዎ ከተካፈሉባቸው ሥልጠናዎች ብዛት የተነሣ ያውቁታል ብዬ እገምታለሁ። አንደኛው እንደ ስልክ ከውስጥ የሚያበራ መስተዋት ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን ይጠፋል። ሁለተኛው ኢ-ኢንክ የሚሉት፣ ወረቀት የሚመስል ደብዛዛ ስክሪን ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ፊደሉ እየጎላ ይሄዳል። በጨለማ ሱቅ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ሙሽራ፣ ሁለተኛው ታማሚ ይመስላሉ።

በመናኸሪያው አቅጣጫ ያለው የአቶ መሳፍንት መደብር ደግሞ ጨለማ ነው። ባንኮኒው ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በሚያበራው ስክሪን ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ወፎች ይበርራሉ፤ በወረቀት መሰሉ ላይ ግን አንድ ግራጫ የመጽሐፍ ልባስ ተገትሯል። ተራዬን ስጠብቅ የሰዉን አመራረጥ አየሁ። የገባው ሁሉ እጁን ወደ ወፎቹ ይዘረጋል። በአውራ ጣቱ አንዴ ገፋ ያደርጋል፣ በመዳፉ ክብደቱን ይመዝናል፣ ሳጥኑን ገልብጦ ያያል፤ ከዚያ «ስጠኝ» ይላል። አንድ ጎልማሳ ግራጫውን በጣቱ እየጠቆመ «ይኼኛው ምን ሆኖ ነው? ታሟል?» ብሎ ሱቁን ሁሉ አሳቀ። መጽሐፍ ከፍቶ አንድ መስመር ላንብብ ያለ አላየሁም።

እኔ አልሁ።

«ወፎቹ አይበቁሽም?» አለኝ አቶ መሳፍንት።

«አባቴ የሚያነቡት ደጅ ነው። ሁለቱንም እበሩ ላይ በፀሐይ ልያቸው።»

«ዕቃ ከበር አይወጣም እቴ» ብሎ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ፊርማዎ ጠቆመኝ።

«አንተ ያዘው፣ እኔ በዓይኔ ብቻ ልየው።»

«ትእዛዝ ነው። እኔን ልታስቀጪኝ ነው?»

እንግዲያስ ግራጫውን ስጠኝ ስለው ፊቱ ተኮሳተረ። «ይኼ አሮጌ ቴክኖሎጂ ነው፤ ለአባት ይዘውት የሚሄዱት አይደለም። ይኼኛው እኮ ሲፈልጉ እሱም ወረቀት ይሆናል» አለና አንድ ምልክት ነካ። ወፎቹ ጠፉ፤ ስክሪኑ ቀጠን ያለ ሻይ መሰለ። «ይኸው ወረቀት!» አለኝ። በዚያ ጨለማ ውስጥ በእርግጥ ወረቀት መሰለ። «በማርያም፣ ለሽማግሌ ዓይን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ካልሆነ መልሺው» ብሎ ማለልኝ። ፀሐይዋ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች፤ ክቡርነትዎ ግን በመካከላችን ነበሩና ልደርስባት አልቻልሁም።

የሚያበራውን ገዝቼ ወደ ደብረ ወርቅ ይዤው ሄድሁ። አባባ ምሽቱን በቤት ውስጥ ሲያዩት ፊደሉ ሰፋላቸው፤ ዓይናቸውን እየጠረጉ ቢሆንም መረቁኝ። በነጋታው ማለዳ ይዘውት ወደ ጉባኤያቸው ወጡ፤ እኔም ደስታቸውን ለማየት ተከትዬ ከተማሪዎቹ ኋላ ተቀመጥሁ።

አንባቢው ዲያቆን አንሙት ነበር፤ ከሁሉም የቆየው፣ በዚያው ዓመት ትምህርቱን ጨርሶ ሊመረቅ የተቃረበ ተማሪ። ማንበብ ጀመረ። አባባ መሣሪያውን ከፍ አደረጉት፣ ዝቅ አደረጉት፣ ወደ ግራ አዘነበሉት። ተማሪዎቹ ተነሥተው ደበሏቸውን ዘርግተው ጥላ ሠሩላቸው፤ በጥላው ውስጥ ደግሞ ብርሃኑ ዓይናቸውን ወጋቸው መሰለኝ እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ። ጥላውን በእጃቸው ምልክት አስነሡት። ከኋላቸው ቆሜ ስመለከት መስተዋቱ ውስጥ ነጭ ጥምጥማቸውና ከበላያቸው ያለው ደመና ብቻ ይታዩ ነበር።

«አንሙት፣ ያነበብኸውን ድገመው» አሉ።

ደገመው።

ከዚያ፣ በዕድሜዬ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ «ልክ ነው?» ብለው ጠየቁት።

አንሙት አልመለሰም። ከተማሪዎቹ አንድም ቀና ያለ አልነበረም። አባባ መሣሪያውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «መምህር ተማሪውን ልክ ነው ወይ ብሎ ከጠየቀ፣ ከዚህ በኋላ መቀመጡ ሌብነት ነው። ልጆቼ፣ ዓይን ያለው መምህር ፈልጉ» አሉ። ለመኗቸው። እኔም ለመንሁ። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ አኩፋዳቸውን ይዘው እየተሳለሙ ተለዩዋቸው፤ አባባ እያንዳንዱን በድምፁ እየለዩ መረቁ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ምርመራዎ ነው። አቶ መሳፍንት «የተከፈተ ሳጥን አልመልስም» ሲለኝ መሣሪያውን ይዤ ወደ እርስዎ መጣሁ። የቢሮዎ መጋረጃ ተዘግቶ ነበር፤ ሙቀት አይስማማዎትም ተባልሁ። ታሪኩን ስነግርዎ መሣሪያውን ተቀብለው ወፎቹን ከፈቱና እስከ መጨረሻው አይተው ጸሐፊዎን ጠሩ። «ነይ እይ፣ ላባው እንኳ ይቆጠራል!» አሉ። እኔም በትሕትና «በረንዳው ላይ ወጥተው አንድ መስመር ቢያነቡልኝ» ስልዎ የተናገሩትን ቃል ለትውልድ ይተርፍ ዘንድ እዚህ አሰፍረዋለሁ፦

«እኛ የምንመረምረው ዕቃን ነው እንጂ ፀሐይን አይደለም።»

ከዚያም ዕቃው የሚያበራ ስለሆነ ጤነኛ ነው፣ ማንበብ ያልቻሉት አባትሽ ናቸው አሉኝ። ጸሐፊዎ ሳቀች፤ እርስዎም እንድትስቅ በቂ ጊዜ ሰጧት። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ተመልሼ ልገባና ያን መሣሪያ ጠረጴዛዎ ላይ ልሰብረው ፈልጌ እንደነበር በክብር አሳውቅዎታለሁ። አልሰበርሁትም፤ ሰባራ ዕቃ ይዛ መጣች የሚል መልስ እንዳያገኙ ብዬ ነው።

እንባዬን ያየችው ሂዊ ነች፤ በትምህርት ቤታችን እንግሊዝኛ የምታስተምር ባልደረባዬ። አቶ መሳፍንት አሮጌ ብሎ የናቀው ዓይነት ግራጫ ኢ-ሪደር አላት። ነገሩን ስነግራት የራሷን ከቦርሳዋ አውጥታ «ይዘሽላቸው ሂጂ፣ እኔ እስክትመለሺ ምንም አልሆንም» አለችኝ። የአባባን ገጾች ጭነንበት በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድሁ።

አባባ እዚያው ግንብ ሥር፣ ማንም በሌለበት ተቀምጠው አገኘኋቸው። መሣሪያውን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። «መስተዋት ይበቃኛል ልጄ።»

«መስተዋት አይደለም አባባ፤ ይዳስሱት።»

በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት። ወደ ፀሐይ አዞሩት፣ ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞሩት፤ እንዲጠፋ የሚፈልጉ ይመስል ነበር። አልጠፋም። ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ቀስ በቀስ ድምፃቸው ወጣ። ገጽ ገለጡ። በሦስተኛው ገጽ ላይ ድምፃቸው የጉባኤ ድምፅ ሆነ፤ ተማሪ ሩቅ ተቀምጦ እንዲሰማ የሚያወጡት ያ ድምፅ። ከፊታቸው ግን የተቀመጠ አልነበረም።

አንብበው ሲያበቁ ጠየቁኝ። «ይህ ዓይነቱ በዚያ ሱቅ ነበረ?»

«ነበረ።»

«ታዲያ ወደ ፀሐይ አውጥተሽ ለምን አላየሽውም?»

«ትእዛዝ አለ ተብዬ ተከለከልሁ።»

«የማን ትእዛዝ?»

ስምዎን ነገርኋቸው። ይረግሙዎታል ብዬ ነበር፤ በእውነቱ ጓጉቼ ነበር። እሳቸው ግን «ይህን ሰው ዓይኑን አሞት ያውቃል?» አሉኝ። «አይመስለኝም» አልሁ። «እንግዲያስ አይፈረድበትም» አሉ። አባቴ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው፤ እኔ ግን እንዲህ ያለሁ ሰው አይደለሁም። ተማሪዎቹን እናስጠራቸው ስላቸውም እምቢ አሉ። ሌላ መምህር ፊት የተቀመጠን ተማሪ ተመለስ ማለት የዚያን ሰው ጉባኤ ማፍረስ ነው አሉ።

በቀጣዩ የገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከአቶ መሳፍንት መደብር ፊት ለፊት በእግረኛ መንገዱ ላይ ቆምሁ። በአንድ እጄ የእኔን፣ በሌላው የሂዊን መሣሪያ ያዝሁ፤ በሁለቱም ላይ ያው አንድ ገጽ ተከፍቷል። ወደ ሱቁ የሚገባውን ሰው «እባክዎ ከመግባትዎ በፊት ይቺን ያንብቡልኝ» እያልሁ ለመንሁ። መጀመሪያ የቆሙልኝ ዳዊት መድገሚያ ሊገዙ ከአማኑኤል ከተማ የመጡ ወይዘሮ ጤናዬ የሚባሉ እናት ናቸው። የሚያበራውን አይተው «እኔኑ ነው የሚያሳየኝ» አሉ። ግራጫውን ሲያዩ ግን ዝም ብለው ማንበብ ቀጠሉ፤ ሰው ሲከብባቸውም አላቆሙም። «እንዴ፣ እኔ እኮ ወፎቹን ልገዛ ነበር የመጣሁት!» አሉ በመጨረሻ።

አቶ መሳፍንት እየሮጠ ወጣ። «ገበያዬን ልትዘጊ ነው?»

«አንተው አውጣና አሳያቸው፤ እኔ ቤቴ እገባለሁ» አልሁት።

ወደ እርስዎ ደወለ። ለእኔ ያልነበረዎት ጊዜ ለእሱ ስለተገኘ ወዲያው መጡ፤ ለዚህ ፍጥነትዎ ሦስተኛውን ምስጋናዬን አቀርባለሁ። መሣሪያዬን ከእጄ ወሰዱ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በፀሐይ አዩት። ከፍ አደረጉት። ዝቅ አደረጉት። ወደ ግራ አዘነበሉት። አባቴ ያደረጉትን ሁሉ አንድ በአንድ ሲያደርጉ ቆሜ ተመለከትሁ፤ እንባ ብቻ አልነበረዎትም።

«ልጄ፣ አንተም አልታየህም፣ አይደለም እንዴ?» አሉዎት ወይዘሮ ጤናዬ፣ በቅንነት።

እርስዎም ወደ እኔ ዞረው «ሰው ለመሰብሰብ ፈቃድ አለሽ?» አሉኝ፤ መልሴን ሳይጠብቁም መኪናዎ ውስጥ ገቡ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ያውቁታል። ሰዉ በር ላይ ሳላይ አልገዛም ማለት ሲጀምር አቶ መሳፍንት አስጠራኝና ግራጫውን ቀየረልኝ፤ የሂዊንም መለስሁላት። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ድምፅዎን በሬዲዮ ሰማሁ። ጽሕፈት ቤትዎ «ባካሄደው ሰፊ ጥናት» መሠረት ማንኛውም ሸማች የማንበቢያ ስክሪንን በሚጠቀምበት ብርሃን ፈትሾ እንዲገዛ የሚፈቅድ አዲስ መመሪያ ማውጣትዎን አበሠሩን። ጥናቱን ያካሄዱት ወይዘሮ ጤናዬ መሆናቸውን ሳይጠቅሱ የቀሩት በሰዓት ጥበት እንደሆነ ይገባኛል።

እዚህ ላይ ላበቃ አስቤ ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን ከሆስፒታሉ በር ባጃጅ ይዤ ወደ ገበያ ስወርድ ሹፌሩ በመስተዋት ደጋግሞ ያየኝ ጀመር። ዲያቆን አንሙት ነበር። ወደ ሌላ መምህር ለመሄድ ከደብረ ወርቅ ወጥቶ እዚህ ሲደርስ ዘመዱ ባጃጁን እንደሰጠው፣ ከዚያ ወዲያ እንዳልተንቀሳቀሰ ነገረኝ።

«የኔታ ማየት ጀመሩ ይባላል፤ እውነት ነው?» አለኝ።

«እውነት ነው። አዳዲስ ተማሪዎችም ጥቂት መጥተውላቸዋል። ተመለስ አንሙት፤ ለመጨረስ ምን ቀረህ?»

ባጃጁን ዳር አስያዘና አቆመ። ወደ ኋላ ሳይዞር ነው የተናገረው። «ልክ ነው ወይ ብለው የጠየቁኝ እኔን ነበር። ልክ ነው ብላቸው ጉባኤው አይበተንም ነበር። ግን የተሳሳትሁ መስሎኝ ነበር፤ የት ላይ እንደሆነ ደግሞ አላወቅሁትም። ልዋሻቸው አልቻልሁም፤ ዝም አልሁ። በእኔ ዝምታ ነው የኔታ የተነሡት። በየትኛው ፊቴ እመለሳለሁ?»

ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ነገርሁት። ስለ ስክሪኑ፣ ስለ ጨለማው ሱቅ፣ በግድግዳው ላይ ስላለው ወረቀት ሁሉንም ነገርሁት። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ «እግዚአብሔር ያሳይዎት፣ ለየኔታ ሰላም ይበሉልኝ» አለና ሞተሩን አስነሣ። አላመነኝም። ይኸን ያህል ዓመት የለፋበት ነገር በአንድ ማኅተም ምክንያት ቀረ ብሎ ከማመን በራሱ ማመካኘት ይቀልለዋል መሰለኝ።

ክቡር ሆይ፣ አባባ ጥፋቱን በዓይናቸው አሳበቡ። አንሙት በአንደበቱ አሳበበ። ምስጋናውን እርስዎ ወሰዱ። ጥፋቱ ከሁለት ንጹሐን እጅ ወጥቶ ወደ ባለቤቱ ይመለስ ዘንድ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ስለ መረከብዎ ደረሰኝ አልጠይቅም።

እነሆ በዚህ ላብቃ። ክብር የተሞላው ቃሌ እንጂ ልቤ አለመሆኑን እያረጋገጥሁ፣ ሹመትዎ ይርዘም ብዬ ለመመረቅ አንደበቴ እምቢ ስላለኝ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ከዚህ በኋላ የሚፈርሙበት ወረቀት ሁሉ እንቅልፍ የሚነሳዎት እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ እሰናበትዎታለሁ።

ያልረሳችዎት ባለጉዳይ፣
ወንጌላዊት ኃይለ ሚካኤል
ከደብረ ማርቆስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አዲሱ መመሪያዎ በጽሕፈት ቤትዎ ደጅ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው መስተዋት ውስጥ ተለጥፎ አገኘሁት። ሰሌዳው ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ፣ ባለጉዳይ በሚበዛበት የጠዋት ሰዓት ፀሐይ እያንጸባረቀበት የሚነበብ ነገር የለውም። አንድ አዛውንት አጠገቤ ቆመው «ምን ይላል ልጄ?» አሉኝ። ነጠላዬን ዘርግቼ ጥላ ሠራሁና ከላይ እስከ ታች አነበብሁላቸው። «ደግ ነገር ነው፤ ማን ፈርሞበታል?» ሲሉኝ ግን ነጠላዬ እስከ ፊርማው ድረስ አልደረሰልኝም፤ «እዚያ ላይ ማንም አይታይም አባቴ» አልኋቸው።